ከላሞቻችን እግር ሥር የምትከርመው ወፍ
(በሐዋሳ ከተማ ዳር ለሚያርሱ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰው ሥራ አጣ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህች ወፍ ከመስከረም ገደማ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ በግጦሽ መሬታችሁ ላይ የምትከርም፣ ቀኑን ሙሉም ከላሞቻችሁ እግር ሥር የማትለይ ስለ ሆነች፣ ጠባይዋን ማወቅ ከእርሻ ሥራ የራቀ ነገር አይደለም። ደግሞም ሳናውቃት ስንገድላት ኖረናል። ከገደሏት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ይኸንንም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ እንተዋወቃት። ከብቶቹ ጠዋት ከበረት ወጥተው በሜዳው ላይ ሲሰማሩ ተመልከቱ። ላሟ እግሯን አንሥታ ስታሳርፍ ከሣሩ ውስጥ ዝንቡና ፌንጣው ብድግ ይላል። ወዲያው ከሰኮናዋ አጠገብ አንዲት ቀጭን ወፍ ትሮጥና ቀለብ ታደርገዋለች። ሆዷ ቢጫ ነው፤ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ እግሯ ቀጭንና ጥቁር ነው። ጅራቷ ረዘም ያለ ሆኖ በግራና በቀኝ ጠርዙ ነጭ ላባ አለበት። ስትቆም ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ትወዘውዛለች፤ እንደ ድንቢጥ በሁለት እግሯ እየዘለለች ሳይሆን እንደ ዶሮ እግሯን እያፈራረቀች ትራመዳለች። ስትበርርም ከፍ ዝቅ እያለች ነው። ክብደቷ 17 ግራም ያህል፣ ማለትም ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር የማይበልጥ ነው።

የሳይንስ ሊቃውንት «ሞታሲላ ፍላቫ» ብለው ይጠሯታል። በየቀበሌው ልዩ ልዩ ስም ሲሰጣት ሰምቻለሁ፤ እኔ ለዚህ ንግግር ያህል «ቢጫ ጭራ ወዝዋዥ» እላታለሁ። በሐይቁ ዳር በነጭና በጥቁር ላባ የተሸለመች፣ እንደዚሁ ጅራቷን የምትወዘውዝ ሌላ ወፍ አለች። እርሷ ዘመዷ ናት፤ ግን የአገሩ ነዋሪ ናት እንጂ ወደ ሌላ አገር አትሰደድም።

ቢጫዋ ግን እንግዳ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው በአውሮፓና በእስያ ሜዳዎች ላይ ነው። እዚያ በሣር መካከል መሬት ላይ ጎጆ ሠርታ ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ታቅፋ ትፈለፍላለች። የዚያ አገር በጋ አልፎ ብርድ ሲመጣ ነፍሳቱ ስለሚጠፉ፣ ምግቧን ተከትላ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። ብዙው ሰው ወፍ የምትሰደደው ብርድ ፈርታ ይመስለዋል። ላባ ያለበሳትን ፍጥረት ብርዱ ብቻውን አያሳድዳትም፤ የሚያሳድዳት የሆዷ ነገር ነው። ከብቱን በበጋ ወደ ሌላ ግጦሽ የሚነዳ ሰው ይኸን ለማስረዳት የእኔን አንደበት አይሻም።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። በየካቲትና በመጋቢት በአንድ መንጋ መካከል ያሉትን ወንዶች ብትመለከቱ ራሳቸው የተለያየ ቀለም ያለው ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአንዱ ራስ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ የሌላው ጥቁር ነው፤ የሌላው ደግሞ እንደ ሆዱ ቢጫ ነው። ሁሉም ጭራ ወዝዋዥ ናቸው፤ የትውልድ አገራቸው ግን ይለያያል። ጥቁር ራስ ያላቸው ከባልካን አገሮችና ከቱርክ አካባቢ፣ ሰማያዊ ግራጫ ራስ ያላቸው ከመካከለኛው አውሮፓ፣ ቢጫ ራስ ያላቸው ከቮልጋ ወንዝ እስከ ካዛክስታን ካለው ሜዳ የሚመጡ ናቸው። በበጋ ተለያይተው የሚኖሩት ነገዶች በእኛ ላሞች እግር ሥር ተገናኝተው ይከርማሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከመስቀል ወፍ ጋር እንዳታምታቷት። የመስቀል ወፍ እያልን የምንጠራት በየአገሩ ትለያያለች፤ ብዙ ጊዜ ግን እዚሁ ከርማ በክረምት ላባዋን የምትለውጥ፣ ስለዚህም ድንገት የመጣች የምትመስል ወፍ ናት። ጭራ ወዝዋዧ በእውነት መንገድ ተጉዛ የምትመጣ ናት። ስትመጣም ልብሷ የደበዘዘ ነው፤ በተለይ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ቡናማ መስለው ይደርሳሉ። ከዚያ ከጥር ጀምሮ ላባዋን ትለውጥና በመጋቢት ብርቱካን የመሰለች ሆና ትታያለች። ልብሷን እኛ ዘንድ አሰፍታ ለሠርጓ ወደ አገሯ ትመለሳለች ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

አሁን ወደ ምግቧ ልግባ፤ ለገበሬ ዋናው ነገር ይህ ነውና። እህል አትበላም። ምንቃሯ ቀጭንና ሹል ስለ ሆነ እህል መሰንጠቅ አይችልም። ምግቧ ዝንብ፣ ጥንዚዛ፣ ትንንሽ ፌንጣ፣ ጉንዳን፣ ክንፍ አውጥቶ የሚወጣ ምስጥ፣ ትል፣ ሸረሪት ነው። እበት ባለበት ስፍራ የሚራቡትን ዝንቦች እየተከታተለች ትለቅማለች። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አጠገብ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ኒክ ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ጭራ ወዝዋዦች ምግባቸውን እንዴት እንደሚመርጡ አጥንተው ነበር። ወፎቹ ትልቁን ነፍሳት ሁሉ እንደማያሳድዱ፣ መካከለኛውን እንደሚመርጡ አገኙ። ምክንያቱም ትልቁን ይዞ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ትንሹ ደግሞ የድካሙን ዋጋ አይከፍልም። በገበያ ቀን በግ የሚገዛ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው።

ነገር ግን ከልክ በላይ እንዳመሰግናት አልፈልግም። መዥገር ከላሚቱ ቆዳ ላይ አትለቅምም፤ ያ የሌላ ወፍ ሥራ ነው። በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ መጀመሪያ የታየውንና ከዚያ ወዲህ በአገሩ ሁሉ የተዛመተውን የአሜሪካ መጤ ተምች እርሷ ታጠፋልናለች ብላችሁም አትጠብቁ። ያ ተምች በተጠቀለለው የበቆሎ ቅጠል ውስጥ ይደበቃል፤ እርሷ ደግሞ ምግቧን የምትለቅመው ከመሬት ላይ ነው፤ በቆሏችን አድጎ በሚቆምበት በክረምትም አገራችን ውስጥ የለችም። ጥቅሟ በበጋ ነው፤ እርሱም በግጦሹ፣ በገለባው ማሳና በመስኖው አትክልት ላይ ነው። ትንሽ ትሠራለች፤ ግን ሰባት ወር ሙሉ ያለ ደመወዝ ትሠራለች።

ከብዙ ገበሬዎች ጋር ስነጋገር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ «እኒህ ግሪሳ አይደሉም ወይ?» ይሉኛል። አይደሉም። ግሪሳ ምንቃሩ ወፍራምና ቀይ ነው፤ ጅራቱ አጭር ነው፤ እንደ ደመና ተጠቅጥቆ ይበርራል፤ ማሽላና ስንዴ ላይ ያርፋል። አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል፤ ብዛቱ ደግሞ በመቶ ሺህና በሚሊዮን ስለሚቆጠር ጥፋቱ ከባድ ነው። ማሳውን ከግሪሳ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ቢያጮህ እውነት አለው። በግጦሽ ሜዳ ላይ ለሚሮጡት ቢጫ ወፎች ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ ግን የሚያባርረው ዝንብ የሚቀንስለትን ነው። ልጆቹ ሁለቱን በምንቃራቸው እንዲለዩ አስተምሯቸው፤ በግማሽ ቀን ይማሩታል፤ ከዚያ በኋላ እናንተን ያርማሉ።

ትልቁ አደጋ ግን ከወንጭፍ አይደለም። ግሪሳ በሚበዛባቸው የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ማታ በሚያድርበት ሸምበቆና ፊላ ላይ ፌንቲዮን የሚባል መርዝ በአውሮፕላን ይረጫል። ይህ መርዝ ወፍን ከወፍ አይለይም። ጭራ ወዝዋዦችም ቀን በሜዳው ተበታትነው ይውሉና ጀንበር ስትጠልቅ በመቶዎች ተሰብስበው በሐይቅና በረግረግ ዳር በሸምበቆና በፊላ ውስጥ ያድራሉ። ማደሪያው አንድ ከሆነ ሞቱም አንድ ይሆናል። ስለዚህ የግሪሳ ማደሪያ የሚጠቁም ገበሬም ሆነ የልማት ሠራተኛ «ግሪሳ አለ» ብሎ ብቻ እንዳይመለስ። ፀሐይ ልትገባ ስትል በስፍራው ቆሞ ምን ምን ወፍ እንደሚገባ አይቶ፣ ቢጫዎቹ ከተቀላቀሉ ይኸንኑ ለሚረጩት ሰዎች ይንገር። ሌላ የግሪሳ ማደሪያ ካለ ያንን ማስቀደም ይቻላል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ቀበሌ አንድ ሽማግሌ በመስኖ ጎመን ይተክሉ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። ጎመኑን ትል ያዘው። እኔም ማሳውን ዞሬ ሳላይ፣ ትሉ ስንቱን ተክል እንደ ነካ ሳልቆጥር፣ «ነገ በጠዋት ይርጩት» አልኋቸው፤ መጠኑንም በግምት ነገርኋቸው። ጠዋት ተረጨ። መርዙ የነካው ትል ከቅጠሉ እየወደቀ በመስመሮቹ መካከል መወራጨት ጀመረ። ለጭራ ወዝዋዥ ይህ የተዘረጋ ማዕድ ነው። መጡና ለቀሙ። እኔም ቆሜ ሳያቸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቀረውን ትል ወፎቹ ጨረሱልን ብዬ።

በማግሥቱ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሰባት ወፎች በቀሚሷ ጫፍ አድርጋ አመጣችልኝ። ቢጫ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ጣታቸው ተጨማድዶ ነበር። ሽማግሌው አንዷን አንሥተው በመዳፋቸው አገላበጧትና «ልጄ፣ እኒህ ደግሞ ጎመን ይበላሉ እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «አይበሉም፣ አባቴ» አልኋቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣኝም። እርሳቸውም አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። በሐይቁ ዙሪያ በመስኖ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን የምትተክሉ ሰዎች በጋ ላይ መርጨታችሁ አይቀርም፤ ወፏም ያለችው ያን ጊዜ ነው። ከመርጨታችሁ በፊት ማሳውን ከጥግ እስከ ጥግ በእግራችሁ ዙሩት፤ በአምስት ስፍራ ቁሙና በየስፍራው አሥር አሥር ተክል ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ከአምሳው ስንቱ ተነካ? ጥቂት ከሆነ በእጅ መልቀም ይበቃል። ተባዩ በአንድ ጥግ ብቻ ከሆነ ያንን ጥግ ብቻ ርጩ። መርጨቱ ግድ ከሆነ ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ሆናችሁ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቡ፤ በግምት አትቀላቅሉ። ጊዜው ወደ ማታ፣ ነፋስ ጸጥ ሲል፣ ንቧም ወደ ቀፎዋ ወፏም ወደ ፊላው ከገባች በኋላ ይሁን። ይህ አደጋውን ሁሉ አያጠፋም፤ መርዙ በቅጠሉ ላይ ይሰነብታልና። ቢሆንም በጠዋት ከመርጨት እጅግ ይሻላል። በማግሥቱ አንድ ልጅ በማሳው ውስጥ ቢቆምና ወፍ ቢከለክል ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ልጁ ግን ተክሉን አይንካ።

ስለ ከብት መድኃኒትም አንድ ነገር ልበል። መዥገር ለማጥፋት የምትጠቀሙበት ዲያዚኖን ለወፍ ብርቱ መርዝ ነው። የተረፈውን በግጦሹ ላይ አትድፉ፤ ዕቃውንም በቦዩ ውስጥ አትጠቡ። ለሆድ ትል በመርፌ የሚሰጠው ኢቨርሜክቲን ደግሞ ከእበቱ ጋር ስለሚወጣ በእበቱ ውስጥ የሚራቡትን ጥንዚዛዎች ይጎዳል። ጥንዚዛው ሲጠፋ እበቱ ሳይፈርስ በሜዳው ላይ ደርቆ ይቀራል፤ መሬቱም ፋንድያውን ያጣል። መድኃኒቱን አትስጡ ማለቴ አይደለም፤ የታመመ ከብት መታከም አለበት። የእንስሳት ሐኪም ሳያዝ በየወሩ መውጋት ግን ገንዘብንም መሬትንም ማባከን ነው።

የሐዋሳን ሐይቅ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ጥቁር ውኃ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ ምንም የለም። ስለዚህ በማሳችን የፈሰሰ መርዝ በጎርፍ ወደ ሐይቁ ከገባ ጠርጎ የሚያወጣው የለም። ጥቁር ውኃ የሚነሣበት ጨለለቃ ቀድሞ ውኃው ተንጣልሎ የሚታይ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያለው ተራራ ደኑ ተመንጥሮ አፈሩ በታጠበ ጊዜ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ረግረጉ ለጭራ ወዝዋዥ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ትወደዋለች። ከዚህ በኋላ ቦይ ተቆፍሮ ደርቆ ከታረሰ ግን ማደሪያዋ ይጠፋል፤ የጥቁር ውኃን ደለል የሚያጣራው ፊላም አብሮ ይጠፋል። ፊላውን ለቤት ሥራ የምታጭዱ ሰዎች ከሚያዝያ በኋላ ብታጭዱ፣ ቀድሞ ግድ ከሆነም ከፊሉን ትታችሁ ከፊሉን ብታጭዱ መልካም ነው። እሳት ግን አትልቀቁበት።

በግጦሽ ረገድ እኔ ራሴ የምታገልበት አንድ ጉዳይ አለ። ወፏ የምትወደው ከብት የጋጠው አጭር ሣር ነው፤ ከብት ያልገባበት ረጅም ሣር ውስጥ መሮጥ ስለማትችል አትመርጠውም። እኔ ደግሞ በየስብሰባው ከብቶቻችሁን እሰሩ፣ ሣሩን አጭዳችሁ አብሉ እያልሁ አስተምራለሁ። በተዳፋት መሬት ላይ አሁንም ያንኑ እላለሁ፤ አፈሩ ከታጠበ ወፍም ላምም አይኖርም። በሐይቁና በረግረጉ ዳር ያለውን ሜዳማ የወል ግጦሽ ግን ማረስም መከለልም አያስፈልግም፤ ከልክ በላይ ሳይጨናነቅ ከብት ቢውልበት ለሁሉም ይበጃል።

የምትሄድበት ጊዜ ሲደርስ አበላሏ ይለወጣል። በመጋቢት ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ትለቅማለች፤ የበላችውም ከቆዳዋ ሥር ስብ ሆኖ ይከማቻል። 17 ግራም የነበረችው ወፍ 25 ግራም ልትደርስ ትችላለች። ይህ ስብ በረሃውን የምታቋርጥበት ስንቋ ነው፤ ከሐዋሳ እስከ ቮልጋ አገር ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያንስ አይደለምና። ጥቁር ራስ ያላቸው አገራቸው ቀድሞ ስለሚሞቅ ቀድመው ይሄዳሉ፤ የሰሜኖቹ በረዶው እስኪቀልጥ ይቆዩና ሚያዝያ ሲያልቅ ይነሣሉ። በመጋቢት ግጦሹ ከተመረዘ ወይም ከታረሰ ወፏ እዚህ ላትሞት ትችላለች፤ ስንቋን ሳትሞላ ትነሣና በመንገድ ትቀራለች። የሞተችበትን ስፍራ ማንም አያይም።

በወዲያኛው በኩልም ኑሮዋ አልተደላደለም። በምዕራብ አውሮፓ ብዙ እርጥብ ሜዳ ደርቆ ታርሷል፤ ሣሩም ጫጩቶቹ ሳይበርሩ በመኪና ይታጨዳል። በብሪታንያ ከ1970ዎቹ ወዲህ ቁጥሯ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እዚያም ያሉ ገበሬዎች ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የአፍሪካ እያሉ ይከራከራሉ፤ እኛ የድርሻችንን ብናውቅ ይበቃናል።

ለልማት ሠራተኞች አንድ ሥራ ልስጥ። በየቀኑ በምትይዙት ማስታወሻ ደብተር መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ለዩ። ቢጫ ጭራ ወዝዋዥ በቀበሌአችሁ መጀመሪያ የታየችበትን ቀንና መጨረሻ የታየችበትን ቀን ጻፉ፤ ጥቁር ራስ ያላቸው መቼ እንደ ጠፉም ጨምሩበት። አምስት ዓመት ከተጻፈ ዋጋ ያለው መዝገብ ይሆናል። ጆን አሽ የሚባሉ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአገራችን ሲሠሩ በወፎች እግር ላይ ቀለበት እያሰሩ ይለቅቁ ነበር፤ በኋላም ከጆን አትኪንስ ጋር ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ስርጭት የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚጻፈው ከብዙ ትንንሽ ማስታወሻዎች ነው።

እናንተም ገበሬዎች የሞተች ወፍ አግኝታችሁ በእግሯ ላይ የብረት ቀለበት ካያችሁ፣ በላዩ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ሳታስቀሩ ገልብጡ፤ ያገኛችሁበትን ቀንና ቦታ ጨምራችሁ ለልማት ሠራተኛችሁ ስጡ። ወፏን ግን በባዶ እጅ አትንኩ፤ በቅጠል ወይም በላስቲክ ያዟት፤ የሞተችበት ምክንያት መርዝ ወይም በሽታ ሊሆን ይችላልና።

በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር መምጣት ይችላል። ከጥቁር ውኃ ድልድይ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ከመሆኑ በፊት እንገናኝ። ከብቶቹ የሚገቡት ያን ጊዜ ነው። ቦት ጫማ ያለው ያድርግ፤ ጤዛው ብዙ ነው።